ከትምህርት ቤቱ መደብ እስከ ቤታችን ድስት



ካሮት ለዓይን፣ ጎመን ለደም እንደሚጠቅም የማያውቅ የትምህርት ቤት ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ብትጠይቁት ሳያመነታ ይነግራችኋል፤ ፈተና ላይ ቢመጣለትም ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ማዕዱ ሲቀርብ ግን ጎመኑን ወደ ወንድሙ በኩል ገፋ አድርጎ እንጀራውን በወጡ ብቻ ይበላል። እናት ትቆጣለች፣ አባት ይመክራል፤ ጎመኑ ግን እንደተገፋ ይቀራል። ታዲያ ማወቅ ብቻውን ካላስበላ፣ ልጆቻችን አትክልት እንዲበሉ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ «ራሳቸው ይትከሉት» የሚል ነው። በዚህ ወር አምዳችን ይህ መልስ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚያነክስ፣ እኛ ወላጆችና የመስጂድ ጀመዓዎችም በምን ልናግዘው እንደምንችል ኢንሻአላህ እንመለከታለን።

ጉዳዩ የምግብ ምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል 57 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከልም 24 በመቶዎቹ ይኸው ችግር ነበረባቸው። ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 38 በመቶዎቹ ደግሞ ለዕድሜያቸው የሚጠበቀውን ቁመት ያላገኙ፣ ማለትም የቀነጨሩ ነበሩ። ለዚህ ሁሉ መንስኤው አንድ አይደለም። ወባ አለ፣ የአንጀት ትላትል አለ፣ የውሃ ንጽሕና ጉድለት አለ። ከመንስኤዎቹ አንዱ ግን በየዕለቱ አንድ ዓይነት ምግብ መመገብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። አንድ መካከለኛ ካሮት ከ60 እስከ 80 ግራም ቢመዝን ነው። ከዚህ ተነስቶ የቤቱን የዕለት ምግብ ማስላት የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።

ተማሪ እየተማረ የሚበላውን ማምረቱ አዲስ ነገር አይደለም። በወሎ የቂርአት መንደሮች ደረሳው ኪታቡን ሲቀራ ውሎ የሸኹን ማሳ ማረምና ማጨድ የኖረ ልማድ ነው። ከአገራችን ውጪ ደግሞ በአሜሪካ አላባማ ግዛት የሚገኘው የቱስኪጊ ተቋም ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ተቋሙን እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ የመራው ቡከር ዋሽንግተን በባርነት የተወለደ ሰው ነበር። ተማሪዎቹ የሚማሩባቸውን ሕንፃዎች ጡብ ራሳቸው እየሠሩ ገነቡ፤ የሚመገቡትንም በግቢው እርሻ ላይ አመረቱ። እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ ተቋሙ የመጣው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርም እንዲሁ በባርነት የተወለደ ነው። ሲመጣ ያገኘው አፈር ዓመት በዓመት ጥጥ ሲዘራበት ኖሮ የተራቆተ ነበር። ማዳበሪያ መግዛት ለማይችለው ገበሬ የጫካ ቅጠልና የረግረግ አፈር ሰብስቦ በማብላላት መሬቱን እንዲያድስ፣ ከጥጥ ጋር እያፈራረቀ ከአተር ወገን የሆኑ ሰብሎችን፣ ኦቾሎኒና ስኳር ድንች እንዲዘራ አስተማረ። ኦቾሎኒና የአተር ወገኖች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለአፈሩ ይመልሳሉ፤ ለሰውም ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ትምህርቱ ግቢው ውስጥ ታጥሮ ከቀረ ድኻው ቤት እንደማይደርስ ስለገባቸው እ.ኤ.አ. በ1906 የእርሻ መሣሪያና ማሳያ የተጫነበት ጋሪ አዘጋጅተው በየመንደሩ መዞር ጀመሩ። ወደ ትምህርት ቤቱ መምጣት ያልቻለው ገበሬ ትምህርቱ ወደ ደጁ መጣለት።

በቅርብ ዘመን ስሙ ብዙ የሚነሳው ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ የሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሊስ ዋተርስ የተባለች በከተማዋ የታወቀች የምግብ ቤት ባለቤት ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር ተነጋግራ፣ አስፋልት ለብሶ የነበረ አንድ ኤከር፣ ማለትም 4 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ወደ አትክልት ስፍራ እንዲለወጥ አደረገች። አስፋልቱ እንደተነሳ ወዲያው ቲማቲም አልተተከለም። በመጀመሪያ የሞተውን አፈር የሚያነቁ መሬት ሸፋኝ ሰብሎች ተዘሩበት። ከዚያም ከአትክልቱ ስፍራ ጋር የማብሰያ ክፍል ተከፈተ። ልጆቹ የሳይንስና የታሪክ ትምህርታቸውን ከመደቡና ከምድጃው ጋር አያይዘው ይማራሉ፤ የለቀሙትን ያበስላሉ፤ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው አብረው ይበላሉ። በዚያው ግዛት በሳንታ ክሩዝ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1967 አለን ቻድዊክ የተባለ እንግሊዛዊ አትክልተኛ ከተማሪዎች ጋር ሆኖ ተዳፋትና ድንጋያማ በሆነ ቦታ ላይ በእጅ መሣሪያ ብቻ የጀመረው የአትክልት ስፍራ ዛሬም ድረስ ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ነው።

እነዚህ ሁሉ ሲነበቡ ደስ ይላሉ። ሆኖም የጤና አምድ ጸሐፊ «ደስ ይላል» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ልጆቹ በእርግጥ የበለጠ አትክልት በሉ ወይ? ብሎ መጠየቅ አለበት።

በዚህ ላይ የተሻለ መልስ የሚሰጠን ከሀብታም አገር ሳይሆን ከኔፓል የመጣ ጥናት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በታይዋን የሚገኘው የዓለም የአትክልት ማዕከል ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ በኔፓል ትምህርት ቤቶች የአትክልት ስፍራ እንዲቋቋም አድርጎ ውጤቱን የአትክልት ስፍራ ከሌላቸው ትምህርት ቤቶች ጋር አነጻጽሯል። የአትክልት ስፍራ የነበራቸው ተማሪዎች ስለ አትክልትና ስለ አመጋገብ ያላቸው ዕውቀት ጨምሯል፤ «የትኛውን ምግብ ትመርጣለህ?» ሲባሉም ጤናማውን የመምረጥ ዝንባሌ አሳይተዋል። የሚበሉት የአትክልት መጠን ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ልጅ የሚበላው ያወቀውን ሳይሆን የቀረበለትን ነው፤ ቤት ውስጥ ምን እንደሚቀርብ የምትወስነው ደግሞ እናቱ ናት።

በኋላ በተደረገ ሌላ ሙከራ የትምህርት ቤቱ የአትክልት ስፍራ ከቤት ጓሮ ጋር ተያያዘ። የልጆቹ እናቶችና አሳዳጊዎች ሥልጠናና ዘር ተሰጥቷቸው በየጓሯቸው ተከሉ። ያን ጊዜ ልጆቹ የሚበሉት አትክልት ጨመረ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ያማረ መደብ ሠርቶ ፎቶ ማንሳቱ ብቻውን የትም አያደርስም። መደቡና ድስቱ ካልተገናኙ ድካሙ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ልጃችሁ «ዛሬ ት/ቤት ጎመን ተከልን» ብሎ ሲመጣ «ጎበዝ፣ በል ጫማህን ታጠብ» ተብሎ ከታለፈ ነገሩ እዚያው አበቃ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ለብዙዎቻችን የሚቀርበው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቀድሞው የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬውን ማገልገልን አንድ ላይ እንዲያስኬድ ታስቦ ነበር። ከግቢው የወጡ የድንች ዝርያዎች በምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ማሳ ላይ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተለቀቀው «አለማያ 624» እና በ2011 የተለቀቀው «ቡቡ» ከእነዚሁ መካከል ናቸው። አካባቢው በአትክልት ምርቱ የታወቀ ነው፤ የሐረማያና የኮምቦልቻ ድንች፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ድሬዳዋን አልፎ እስከ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ገበያ ይሄዳል።

ከዚያ አካባቢ የምንማረው ግን ማምረትን ብቻ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ፣ ለአካባቢው ከተሞችና ለዩኒቨርሲቲው ራሱ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። ዙሪያው ባሉ ማሳዎች ለአትክልትና ለጫት መስኖ ሞተሮች ውሃውን ያለ ልክ ሳቡ። ተራሮቹ ደን ስላልነበራቸው አፈሩ በየክረምቱ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይቀዝፍበት የነበረው ቦታ ከብት ይሰማራበት ጀመር። ሐረሮች ለዓመታት በውሃ እጦት ሲቸገሩ ኖረዋል፤ በጄሪካን ሰልፍ የቆሙ እናቶች ያውቁታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተራሮቹ ላይ በተሠራው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራና በዝናቡ ምክንያት ሐይቁ እንደገና ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ በእርሻ ትምህርት በአገሪቱ ስመ ጥር በሆነው ግቢ ጥግ እንኳ ሐይቅ ሊደርቅ ይችላል። ተማሪን ዘር መዝራት ስናስተምረው ውሃው ከየት እንደሚመጣና ስንት እንደሆነ መቁጠርን አብረን ካላስተማርነው ትምህርቱ ጎደሎ ነው።

ስለ ውሃ ከተነሳ በከተማ ለምንኖረው ሌላም ስጋት አለ። በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር፣ በተለይም በአቃቂ ወንዝ ተፋሰስ የሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጡ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። እነዚህ ብረቶች በመታጠብም ሆነ በመቀቀል አይጠፉም። ልጆቻችን የሚበሉትን ጎመን ምንጩን አውቀን ብናቀርብላቸው የምንለው ለጌጥ አይደለም።

የመስጂድ ጀመዓ የሚገባበትም በዚሁ በውሃው በኩል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። አንድ ሙድ ወደ ዛሬው መለኪያ ሲቀየር ግምቱ ቢለያይም ከአንድ ሊትር በታች ነው። እኛ ግን ቧንቧውን ለቀን እየተጨዋወትን የምናፈሰው ብዙ ሊትር ነው። አንድ ሰው 4 ሊትር ብቻ ተጠቀመ እንበልና 100 ሰው ውዱእ ቢያደርግ 400 ሊትር ውሃ ወደ ቱቦ ይገባል። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ይኸው የፈሰሰው ውሃ 80 ካሬ ሜትር መደብ ያጠጣል ማለት ነው። 80 ካሬ ሜትር ቀላል ቦታ አይምሰላችሁ፤ ከብዙ መድረሳዎች ግቢ ይሰፋል። አንድ ጊዜ ውዱእ በተደረገበት ውሃ እንደገና ውዱእ ስለማድረግ ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው፤ ተክል ማጠጣቱ ግን የሚያጠያይቅ አይደለም።

ጥንቃቄዎች አሉት። የውዱእ ውሃው ቱቦ ከመጸዳጃ ቤቱ ቱቦ ፈጽሞ የተለየ መሆን አለበት፤ ሁለቱ የሚገናኙ ከሆነ ሐሳቡን መተው ይሻላል። ልብስ ወይም ዕቃ በሳሙና የሚታጠብበት ቦታ ከሆነም እንዲሁ። ውሃው በበርሜል ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ይሸታል፤ ወባማ በሆነ አካባቢም የትንኝ መራቢያ ይሆናል። አፍና እግር የታጠበበት ስለሆነ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ በአፈሩ ማፍሰስ ይገባል። በጥሬው ለሚበላ ሰላጣም መዋል የለበትም። ለሎሚ፣ ለማንጎ፣ ለሽፈራው፣ ተቀቅሎ ለሚበላ ጎመንና ለዱባ ግን ይስማማል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ይነገር። የመስጂድ መሬት ወቅፍ ነው። በላዩ ላይ የበቀለው ጎመንና ሎሚ የማን ነው? ለደረሶች ይበላል? ተሽጦ ለመስጂዱ ይገባል? ወይስ ለሚስኪን ይሰጣል? ይህን ከመትከል በፊት ከኮሚቴውና ከኢማሙ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። ያማረ ዛፍ በዚህ ምክንያት የጠብ ምንጭ ሲሆን ያየ ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ይተከል? ብዙ ጊዜ ሰዎች ከመጽሔት ወይም ከቴሌቪዥን ያዩትን የባዕድ አገር አትክልት ይመኛሉ። እኛ ግን በእጃችን ያለውን አናውቀውም። የሐበሻ ጎመን የትውልድ አገሩ ይኸው የእኛ ምድር ነው። ብርድና ዝናብ መለዋወጡን ይችላል፤ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ቅጠሉ መቆረጥ ይጀምራል። ከታች እየተለቀመ ለወራት ይሰጣል። ቆስጣም በቀላሉ ይበቅላል፤ ነገር ግን ኦክሳሌት የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት በውስጡ ያለውን ካልሲየም ሰውነታችን እንደ ጎመኑ በቀላሉ አይወስደውም። ለአጥንት ሲባል ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል ጎመንን እመርጣለሁ።

ሽፈራው ከኮንሶና ከጋሞ ወገኖቻችን የምንማረው ተክል ነው። ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ይመገቡታል፤ ቆላና ወይና ደጋ ላይ ድርቅን ችሎ ይቆማል። ዱቄቱን በውድ ዋጋ እየገዛን ሻይ ከምናደርገው አንድ ዛፍ ግቢ ውስጥ ማቆሙ ይሻላል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንችም አለ። በሐዋሳ በተደረገው ምርምር «ኩልፎ» እና «ቱላ» የተባሉት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ተለቀዋል። ይህ ስኳር ድንች ከነጩ የሚለየው በቤታ ካሮቲን የበለጸገ በመሆኑ ነው። ሰውነታችን ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። 125 ግራም፣ ማለትም አንድ አነስተኛ ፍሬ፣ ትምህርት ቤት ላልገባ ሕፃን የዕለቱን ፍላጎት ይሸፍናል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ አያቶቻችን ዳፍንት የሚሉት እሱን ነው። በሽታ የመከላከል ኃይሉም ይዳከማል፤ ኩፍኝ ሲይዘውም ይጠናበታል። ብርቱካናማ ስኳር ድንችን በአፍሪካ ያስፋፉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ቦታ የለንም የምትሉ እህቶች ማዳበሪያ ከረጢት አላችሁ? ከረጢቱን አቁማችሁ መካከሉ ላይ ታችና ላዩ የተቆረጠ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አስቀምጡ፤ ቆርቆሮውን በጠጠር ሙሉት። ዙሪያውን አፈርና ብስባሽ ሙሉ። ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ ላይ እየሳባችሁ ደግማችሁ ሙሉት፤ ከረጢቱ እስኪሞላ ድረስ። መጨረሻ ላይ መካከሉ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ዓምድ ይሆናል። ውሃ የሚፈስሰው በዚያ ዓምድ ላይ ሲሆን ለሁሉም ሥር ይዳረሳል። ከላይ ብቻ ሳይሆን የከረጢቱን ጎን በስንዝር ርቀት እየበሳችሁ ችግኝ ትሰካላችሁ። በናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ዘዴ በደጃፋቸው ጎመን ያመርታሉ። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይም ይሆናል፤ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ያህል እስካገኘ ድረስ።

አፈሩን የሚያደልበው ብስባሽ ከማድቤት ይገኛል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ የደረቀ ቅጠልና ትንሽ አመድ በተደራራቢ ተከምሮ እርጥበቱ እየተጠበቀ በየ2 ሳምንቱ ከተገላበጠ በ3 ወይም በ4 ወር ጥቁርና ሽታ የሌለው አፈር ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባበት፤ ሌላ ተክል ያቀጭጫል። ዘይት የነካው ወጥና ሥጋ አይጥ ይጠራል። እንጀራም ቢሆን ወደ ብስባሽ ከመሄዱ በፊት ድርቆሽ ሊሆን ይችላል፤ ምግብ ማባከን በሃይማኖታችንም የተጠላ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በቀን ሦስት ጊዜ የሚመገቡበት የዩኒቨርሲቲ ካፌ በየዕለቱ የሚያወጣውን ልጣጭ ስታስቡት ያ ሁሉ ወደ ቆሻሻ ገንዳ መጫኑ ያሳዝናል። በግቢው ያሉ የተማሪ ማኅበራት ከዚሁ ቢጀምሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቃቸውም።

ጎመኑ ከደረሰ በኋላ የእናቶች ሥራ ይመጣል። ሳይከተፍ በፊት ይታጠብ፤ ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ ቫይታሚን ሲ ከውሃው ጋር ይሄዳል። በትንሽ ውሃ ድስቱ ተከድኖ ለአጭር ጊዜ ይብሰል፤ የተቀቀለበት ውሃ አይደፋ። ዘይት ጠብ ይበልበት፤ ካሮት፣ ዱባና ጎመን ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ያለ ስብ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በሥጋ ውስጥ እንዳለው በቀላሉ አይወሰድም፤ ማዕድ ላይ ሎሚ ከተጨመቀበት ወይም ጥሬ ቃሪያ አብሮ ከተበላ ግን ሰውነት የሚወስደው መጠን ይጨምራል። ሻይና ቡና ተቃራኒውን ያደርጋሉ። በረመዷን ከኢፍጣር ጋር አያይዘን ሻይ የምንጠጣ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እህት ካለች፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ብታቆየው ለደሟ ይጠቅማታል። የደም ማነስ ያለበት ሰው በጎመን ብቻ ይድናል ማለታችን ግን አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመርና የታዘዘለትን መውሰድ አለበት።

ልጁን በተመለከተ አንድ ምክር እንጨምር። አንድ መደብ ወይም አንድ ከረጢት የእሱ ይሁን፤ ስሙም ይጻፍበት። ውሃ ማጠጣቱ የእሱ ሥራ ይሁን። ክሽክሽ የተባለው ተባይ ቅጠሉን ሲወረው አመድ መነስነስ ወይም በእጅ ማራገፍ ከእናቱ ጋር ይማር። የመጀመሪያውን ቅጠል እሱ ይቁረጠው፣ እሱ ይጠበው፣ ለአባቱም እሱ ያቅርብለት። ያን ቀን አባት ከገበያ የመጣ ሥጋ ቢኖርም ከጎመኑ ይጀምር።

በአገራችን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ሲገባ ነው። ዝናቡ በሚበዛበት፣ አረሙም በሚገንበት ወቅት መደቡ ባለቤት ያጣል፤ መስከረም ላይ ሲከፈት ሣር ውጦት ይገኛል። ብዙ የትምህርት ቤት የአትክልት ስፍራዎች የሞቱት በውሃ እጦት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው ብል የማጋንን አይመስለኝም። ስለዚህ ሰኔ ላይ ከትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ያሉ ወላጆች ሳምንት እየተካፈሉ ተራ ቢገቡ፣ የሚቆረጠውንም ለድካማቸው ቢወስዱ ጥሩ ነው። ከመደቡም ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ የጎመን ተክሎች ቅጠላቸው ሳይቆረጥ አብበው ዘር እንዲይዙ ይተዉ። ዘሩ ሲደርቅ ከረጢት ላይ ተወቅቶ በጥላ ይቆይ። ከሁለት ተክል የሚገኘው ዘር በሻይ ማንኪያ ሲለካ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ይዳረሳል፤ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ እያንዳንዱ ልጅ ቋጠሮውን ወደ ቤቱ ይዞ ይሂድ።